ሦስቴ ወደ ላይ፣ አንዴ አሜን

እትዬ ካርድ ይሏታል፤ ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከተቀመጠች ብዙ ዘመኗ ነው። ኮምፒዩተሯ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ካልጻፉለት ንቅንቅ አይልም። የጠዋት ሥራዋ ሦስት ትእዛዝ ነው፦ የዕለቱን ቀጠሮ አምጣ፣ አትም፣ ቅጂውን አስቀምጥ። ቴክኒሻኑ ልጇ መላ አበጀላት።

«እማዬ፣ አንድም ነገር አትጻፊ። ወደ ላይ የሚያየውን ቀስት ስትጫኚ የበፊቱን ትእዛዝ ወደ ኋላ እየመለሰ ያመጣልሻል። ሁሌ ሦስቴ፣ ከዚያ ኢንተር። ተረኛው ራሱ ይመጣል።»

ሦስት ሲላት ገባት። አንዱን ለአብ፣ አንዱን ለወልድ፣ አንዱን ለመንፈስ ቅዱስ ትጫናለች፤ ኢንተር አሜን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስክሪኑን ቀና ብላ አላየችም። ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም፤ ካልጠየቋት ምን አስለፈለፋት።

ያን ቀን ኮሪደሩ በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣውን የዓይን ሐኪም በሚጠብቅ ሰው ጢም ብሏል። አሜን አለች፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ተፋ። ስም ጠሪው ዘበኛ ወስዶት ወጣ። እንደገና አሜን አለች። ለሦስተኛው ቀስቷን ተጭና ጣቷን ወደ ኢንተር ስትሰድ ዘበኛው እየሳቀ ተመለሰ።

«እትዬ፣ አንደኛ ያሉት ልብስ ሰፊው አይደል እንዴ? ትናንት ዓይኑን በፋሻ ጠቅልለን የሸኘነው! ሰውየው ስንት ዓይን አለው ብለው ነው?»

ደነገጠችና ልጇ ጋ ደወለች።

«ያንተ ነገር የትናንቱን ሰው አተመልኝ።»

«ምንም እንዳትነኪ! አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

መነጽሯን አደረገች። «አር... ኤም...»

 

«እማዬ፣ ኢንተር ነክተሻል?»

«አሜን አላልኩም ገና።»

«እ... እሱ አጥፋ ማለት ነው። ያለውን ቀጠሮ በሙሉ።»

«ማነው የጻፈው?»

«ትናንት ከሥራ ስመለስ ክሊኒኩ ጎራ ብዬ ያረጁትን ቀጠሮዎች አጸዳሁ። ትእዛዟ መሀል ገብታ ቆጠራሽን አዛባችው፤ ‹አምጣ›ን ዘለልሽ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አዲሱ የወሩ ቀጠሮ እዚያው ገብቷል።»

«አጥፋ ብለህ ጽፈህ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እኔው ቤት ራትህን በላህ? ያውም ደግመህ!»

«ይቅር በይኝ። አሁን ካለሽበት ሦስቴ ጨምሪ፤ ‹አምጣ› የሚለው ይመጣል። ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮሽ ነው።»

ሥላሴን ደግማ ጠራች። የመጣውን ፊደል በፊደል አነበበችለት፤ ትክክል ነው አላት። ጣቷን ግን አላወረደችም።

«በል አሜን በል።»

«እማዬ፣ ቢሮ ነኝ፤ ሰው አለ እኮ!»

«እኔስ ጋ ኮሪደር ሙሉ ሰው አይደል ያለው? በል!»

ከሰርጉ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጠው ልጇ ጉሮሮውን ጠረገ።

«...አሜን።»

«ጮክ!»