ዋርካው የያዘው ግድግዳ

ዋርካው በተቆረጠ ማግሥት፣ ኪዳነ ማርያም ገና ከአልጋው ሳይነሣ የሰማው ድምፅ የአይጥ መሰለው። ጤፍ በወንፊት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ስስና ደረቅ ድምፅ ነበር። ወጥቶ ሲያይ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር የደቀቀ ኖራ ተጠራቅሟል። ብዙ አይደለም፣ እፍኝ ቢሞላ ነው። ቀና ሲል በድንጋዮቹ መካከል ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ አየ፤ ምስማር ያስገባል። ሚስቱ ንግሥቴ እንዳታየው ኖራውን በእግሩ በትኖ አፈር መለሰበት።

የቅርስ ባለሙያዋ የምትመጣው በዚያው ቀን ነበር።

ቤቱን ደጃዝማች ገብረሰንበት ናቸው ያሠሩት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ታቹ ጎተራና የፈረስ ጋጣ፣ ላዩ አዳራሽና እልፍኝ ሆኖ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ከውጭ ነው፤ መስኮቶቹም አናታቸው ቅስት ነው። በዙሪያው ብርቱካንና ትርንጎ፣ የጽድ ጥላ፣ ከወንዙ በቦይ የሚሞላ ኩሬም ነበር። አብዮቱ ሲመጣ አዳራሹ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሆነ። ቆይቶ ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጥቂት በቀር የወለሉም ጣውላ ተነቀለ። ኩሬው ደርቆ ድንች ተተከለበት፤ በብርቱካኑ ቦታ ባሕር ዛፍ በቀለ።

የኪዳነ ማርያም አባት የደጃዝማቹ በረኛ ነበሩ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ በተደገፈችው የበረኛ ቤት እሱ ተወለደባት፣ አገባባት፣ ልጆቹንም ከዚያው ዳረ። ቀበሌው ጠባቂ እያለ ይጠራዋል እንጂ ቤቷ ያንተ ናት ያለው የለም። ባለሙያዋ «ቅርስ ነው» ካለች ግቢው ይከለላል፣ እሱም በጠባቂነቱ ይጸናል። «አደገኛ ነው» ካለች ቤቱ ይፈርሳል፣ ቦታውም ለሥራ አጥ ወጣቶች ይከፋፈላል። ይህን የነገረው የቀበሌው ሊቀ መንበር ተስፋው ነው።

ኪዳነ ማርያም ትናንት ደቦ የጠራው ቤቱ በባለሙያዋ ዓይን እንዲያምር ነበር። ንግሥቴ ጠላ ጠመቀች፣ ጎረቤቱ ማጭዱንና መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ደረጃው ከቁጥቋጦ ጸዳ፣ የቅስቶቹ ሐረግ ተመነጠረ። ወደ ማታ፣ ጠላው ጭንቅላት ላይ ሲወጣ፣ ምስክር የሚባለው ጎረምሳ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የበቀለውን ዋርካ አየ።

«አያ ኪዳኔ፣ ቤቱን ሙሽሪት አድርገን ጢሟን ልንተውላት ነው?»

ሰው ሳቀ። ዋርካው ከድንጋዮቹ መሐል በቅሎ፣ ጭን የሚያህል ሥሩን በግድግዳው ላይ ቁልቁል ለቆት ነበር። ኪዳነ ማርያም ሊከለክል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ደቦ ጠርቶ፣ ሰው እየዘፈነለት መጥረቢያ ሲያነሣ «ተዉ» የሚል ባለቤት የለም፤ ጉልበታቸውን እንደ መናቅ ነው።

«ማለፊያ» አለ።

ሥሩን በጠፍር አስረው እንደ በሬ ጎተቱት። ከድንጋዮቹ መሐል እየተላቀቀ ሲወጣ በየቦታው ጨለማ ጉድጓድ ትቶ ሄደ።

አሁን ኪዳነ ማርያም መንገዱ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ምነው ዛሬም መንገዱ በተዘጋ ብሎ ይመኝ ጀመር። በዚህ ዓመት በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ባለሙያዋን የያዘችው ባጃጅ ግን መጣች።

ሠርክአዲስ የምትባል ቀጠን ያለች ወጣት ናት። ከተስፋው ጋር ወርዳ ሰላምታ ሳትጨርስ ቅስቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«አባባ፣ ኖራውን እዚሁ ነው ያቃጠሉት?»

«አባቴ እንዳጫወቱኝ የኖራው ድንጋይ ከዓባይ በረሃ በአጋሰስ መጣ። የተቃጠለው እዚሁ ነው፣ ከኩሬው ማዶ።»

«እንዴት አድርጋችሁ አጽድታችሁታል!»

«በደቦ ነው» አለ ተስፋው። «ጢሟን ሳይቀር ላጭተናታል።»

ያልገባት ቀልድ ቢሆንም ሳቀች። ኪዳነ ማርያም ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው። ንግሥቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ፀሐዩ ነው።»

ሠርክአዲስ ደረጃውን ወጣች። ከላይ፣ ከምሥራቁ መስኮት ብቅ ብላ የሜትሩን ጫፍ ወደ ታች ለቀቀችው።

«አባባ፣ ጫፉን መሬት አስነክተው ይያዙልኝ።»

ተንበርክኮ ያዘ። ዓይኑ ከስንጥቁ ትክክል ዋለ፤ ጠዋት ምስማር የሚያስገባው አሁን ጣት ያስገባል። ለክታ ትወርዳለች፣ አለ በልቡ። ለክታ ትወርድና በደጋፊ አቆመዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ጭቃ እመርግበታለሁ። እሷ ቁጥሩን ለማየት በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረቷን አስደግፋ ጎንበስ አለች። እጁ ላይ ኖራ ዘነበ፣ ትኩስ እንደ ዱቄት።

«ልጄ ተመለሺ!» ሜትሩን ለቆ ዘለለ። «ግድግዳውን አትንኪው! ውረጂ!»

«ምን ሆነ?»

«ዋርካውን ቆርጠነዋል!»

«የቱን ዋርካ?»

«ግድግዳውን የያዘውን!»

ከመስኮቱ ጠፋች። ደረጃውን በወዲያኛው ጠርዝ ተጠግታ፣ እግሯን እየመረጠች ወረደች። ጉድጓዶቹን አየች፣ ስንጥቁን አየች፣ ከዚያ ወዲያ የቅስቶቹን ነገር አላነሣችም።

ተስፋው ግን ተቆጣ። «ስንት ዘመን የቆመ ግንብ ዛሬ ሊወድቅ! አያ ኪዳኔ፣ ልጅቱን በድንጋጤ ሊገድሏት ነው እንጂ ምን አለው?»

«ቅርስ መሆኑን እጽፋለሁ» አለች ሠርክአዲስ። «ግን የሚደግፈው ካልተገኘ ያፈርሱታል፤ እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም። እናንተ ደግሞ እዚህ አታድሩም። ዛሬውኑ ትወጣላችሁ።»

«ወዴት?» አለች ንግሥቴ።

ተስፋው ስልኩን ማየት ጀመረ።

አልጋውን፣ ጋኑን፣ የእህሉን ጆንያ አውጥተው በአትክልቱ ቦታ ከቀረው ጽድ ሥር አስቀመጡ። ባጃጇ ሄደች። ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ መጣ፤ በጆንያው ላይ ላስቲክ ጣል አድርገው እነሱም ከሥሩ ተጠጉ።

«ቢቆምስ?» አለች ንግሥቴ። «ክረምቱን ሙሉ ቢቆም እዚህ ልንቀመጥ ነው?»

ከልጅነቱ ጀምሮ ያ ቤት እንዳይወድቅ የለመነ ሰው፣ አሁን ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ቢወድቅ ትክክል ነበረ ይባላል። ቢቆም ግን በገዛ አፉ ከቤቱ የወጣ ሞኝ ነው። ይህን ማሰቡ ራሱ አስፈራው።

ከግድግዳው አንድ ድንጋይ ወደቀ። ልጅ የሚወረውረው ያህል ትንሽ። ሁለቱም ተነሡ። ከዝናቡ በቀር የተሰማ የለም።

«ዶሮዋ!» አለች ንግሥቴ በድንገት። «እንቁላል ታቅፋ ከአልጋው ሥር ነበረች። ረሳናት።»

መራመድ ስትጀምር ነጠላዋን ያዘባት።

«ልቀቀኝ። ይወድቃል ካልክ ልቅር፣ አይወድቅም ካልክ ልሂድ። አንዱን ንገረኝ።»

ኪዳነ ማርያም ግድግዳውን አየ። ውሃው በጉድጓዶቹ እየገባ ነበር። ነጠላዋን አልለቀቀም።