በዕጣ የደረሰ ንግግር

ሴቬሪን በምላሱ ጤፍ የሚቆላ የሕግ ተማሪ ነበር። ስለ ፍትሕ ይጨነቅ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ። የሚጨነቀው ለማሸነፍ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰበው የቪልኖ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክርክር ክበብ ሦስት ዓመት ሙሉ የረታው ሰው አልተገኘም፣ ከናፍታሊ በቀር።

ናፍታሊ የሰዓት ጠጋኝ ልጅ ነው፣ አይሁዳዊ። ከሴቬሪን ጋር አብረው ያጠናሉ፣ አንድ ሳህን የቀይ ሥር ሾርባ ለሁለት ይጠጣሉ። በክበቡ ደንብ ወገንህን አንተ አትመርጥም፤ ከቆብ ውስጥ ዕጣ ታወጣለህ፣ የደረሰህንም እንደሚያምንበት ሰው ሆነህ ትሟገታለህ። ሁለቱ በዚህ ላይ የራሳቸውን ልማድ ጨመሩበት። ከክርክሩ በፊት አንዱ የሌላውን ንግግር ይስልለታል። ደካማ ባላጋራ መርታት ምን ክብር አለው ይሉ ነበር፣ ቂሎች!

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 መከር፣ አክራሪዎቹ ተማሪዎች «አይሁዶች በትምህርት አዳራሹ ግራ በኩል ለብቻቸው ይቀመጡ» እያሉ ግቢውን ሲያምሱ፣ ክበቡ ጉዳዩን ለክርክር አቀረበው። ሴቬሪን ዕጣውን ሲፈታ «ይለዩ» ይላል። የናፍታሊ «አይለዩ» ነው።

«እግዜር ሲቀልድ አየህ?» አለ ናፍታሊ እየሳቀ። «በል አምጣው ንግግርህን። ምንድን ነው ይሄ? ሬሳ እኮ ነው! ይልቅ እንዲህ በል፤ የተጣሉ ልጆቿን አንድ አልጋ ላይ የምታስተኛ እናት፣ እናት አይደለችም።»

«አንተ ሰይጣን! ይሄንን ካልኩማ አለቀልህ።»

«አንድ ቀን ብሸነፍ ምን እሆናለሁ?»

ተሸነፈ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ናፍታሊም እንደ ደንቡ ተነሥቶ የአሸናፊውን እጅ ጨበጠ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰኞ ጠዋት አክራሪዎቹ ንግግሩን በወረቀት አትመው በዩኒቨርሲቲው ደረጃዎች ላይ በተኑት። የሴቬሪን ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ስለ ዕጣው አንዲት ቃል የለችም። ሴቬሪን አንዱን አንሥቶ ቀደደው። ግን እውነቱን እንናገር፤ ትናንት ዘግተውት ያልፉ የነበሩት ዛሬ ቆብ አንሥተው ሰላም ሲሉት ደስ ብሎታል።

«ሐሙስ ተነሣና አንድ ነገር ብቻ በል» አለው ናፍታሊ። «በዕጣ ነው የደረሰኝ፣ አላምንበትም በል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ናፍታሊ ሙት፣ ዕጣ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?»

«ወረቀቱን የሚያነበው አያውቅማ።»

«እሺ። ሐሙስ።»

ሐሙስ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቀረ። በተከታዩ ሐሙስ መጣ። አክራሪዎቹ ዱላቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ሲገባ አጨበጨቡለት። ያ ምላስ ደረቀ። ተነሣና ስለ ዕለቱ ርዕስ፣ ስለ እህል ቀረጥ፣ ሩብ ሰዓት ተናግሮ ዕጣውን ሳያነሣ ወረደ። ፈሪ በሉት፤ እኔም ብየዋለሁ። ናፍታሊ ግን ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያም ሾርባውን ለብቻው ጠጣ።

የገና በዓል ሳይደርስ አይሁዶች በግራ እንዲቀመጡ የዩኒቨርሲቲው ትእዛዝ ወጣ። በአይሁዶቹ የተማሪነት መታወቂያ ላይ «መቀመጫው በግራ» የሚል ማኅተም ተመታ። እነሱም አንቀመጥም አሉ። ትምህርቱን በሙሉ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ደብተራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመው ይጽፋሉ። ናፍታሊ አንድ ቀን ቅንድቡ በዱላ ተተርትሮ መጣ፤ እንደዚያም ሆኖ ቆመ። የግራው ወንበር ባዶውን ከረመ። ሴቬሪን በቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ አቀርቅሮ ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም።

በጥር ወር አንድ ቀን ማለዳ፣ ፕሮፌሰሩ ስለ ሮማውያን ሕግ እያስተማሩ፣ ሴቬሪንን አላስችለው አለ። ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና ከናፍታሊ ጎን ቆመ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ከስንት ሳምንት በኋላ ገና ያኔ ደህና አድርጎ ተነፈሰ።

«መጣሁ» አለው በሹክሹክታ።

ናፍታሊ ቀና ብሎ አላየውም። «ምነው? ዕጣ ወጣብህ?»

«በእናትህ ናፍታሊ፣ አሁንስ ከልቤ ነው።»

«ያኔም ከልብህ ይመስል ነበር። እኔው ነኝ ያሳመርኩልህ።»

«የፈለግከውን በለኝ። አብሬህ እቆማለሁ።»

«ሂድ ተቀመጥ፣ ሴቬሪን።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው እኔ እቀመጣለሁ። ካንተ ጎን ከመቆም እሱ ይሻለኛል።»

ደብተሩን አጠፈና በጓደኞቹ መካከል አለፈ። አንዱ «ናፍታሊ፣ አበድክ?» ብሎ እጅጌውን ያዘው፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ወርዶም ማንም ያልነካው የግራ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

 ከዚያ በቀኝ በኩል ያሉት አክራሪዎች ወለሉን በዱላቸው እየደበደቡ ጮኹ። «አስቀመጠው! ሴቬሪን በአፉ አስቀመጠው! ጎበዝ!»

ሴቬሪን ሁለት እጁን አንሥቶ «አይደለም! እኔ አይደለሁም!» አለ። የሰማው የለም፤ ጭብጨባው ደመቀ።