ተቆጣጣሪው እስኪሄድ

ዋርፋ የንፍሮውን ሳህን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንዲት ፍሬ አልነኩም። አጠገባቸው የተደረደሩት ሌሎቹ ሽማግሌዎችም እንደዚያው። ሁሉም የማጠፊያው መስመር ያልጠፋ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። የአረጋውያን መንከባከቢያው ባለቤት ስምረት ናት "የጋሽ ገብረ መድኅን ጓደኞች" ብላ በሚኒባስ ጭና ሳቢያን ሰፈር የለቅሶው ድንኳን ድረስ ያመጣቻቸው። ዓይኗን በጨው አጥባ ለቅሶ ቤት ውስጥ ፎቶ አስነሥታቸዋለች።

የሟቹ የጋሽ ገብረ መድኅን ልጅ ወይንሸት ጎንበስ አለች። ነገ የአባቷ ሣልስት ነው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"አዴር ዋርፋ፣ ምነው አይበሉም?" አለች እንደ አጎት ጠርታቸው።

ሽማግሌው ከስምረት ጎን ንፍሮ የሚቅመውን ኒቆዲሞስን በዓይናቸው ጠቆሙ። የመንከባከቢያዎችን ፈቃድ የሚያድሰው ተቆጣጣሪ እሱ ነው፤ በስምረት መኪና አብሯት መጣ።

"ሰውዬው ይሂድ አቦ" አሉ በሹክሹክታ። "እሱ እያለ ከነካን ማታ የለም።"

"ምኑ ነው የሌለው?"

"እራቱ።"

አባቷ ዕድሜያቸውን ባቡር ሲነዱ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን መንከባከቢያው ልትጠይቃቸው ስትሄድ "ልጄ፣ እኛ ጋ እንቁላል ለዓይን ነው" አሏት። "ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለየሰዉ ይቀርባል፤ ሲወጣ ሳይላጥ ይሰበሰባል።" ሳቀች። ስምረትም "እርጅና ነው እህቴ፣ ያስቀባዥራቸዋል" ስትላት አመነቻት። የሰው አባት በወር ክፍያ ተረክባ፣ አስርባ፣ ቀባዣሪ ብላ የሸኘች ሴት አሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች።

ኒቆዲሞስ እጁን አራግፎ ተነሣ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ። የቤቱ ፈቃድ በዚህ ሳምንት ይታደሳል፤ መስፈርቱን አሟልቷል። ከቤተሰብ በኩል ቅሬታ የለም አይደል?"

"እንደ ንጉሥ ነው የያዝናቸው" አለች ስምረት።

ወይንሸት መንገዱን ዘጋችበት።

"ቅሬታ አለኝ። ቁጭ በል። እነዚህ ሰዎች አንተ እያለህ ምግብ አይነኩም፤ እንደዚያ አስለምዳቸዋለች። ዛሬ እያየህ ይበላሉ።"

"ሐዘን ላይ ስለሆነች ነው..." ስምረት ጀመረች፤ የሚያዳምጣት አላገኘችም። ኒቆዲሞስ ሳይወድ ተቀመጠ።

ወይንሸት ዋርፋ ፊት ተንበርክካ ንፍሮ ዘገነችና ወደ አፋቸው አስጠጋች። ሽማግሌው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ስምረትን አዩ። አባቷም እንዲህ ሰው እያዩ ነበር የሚበሉት። እጇን አላወረደችም። ሴትዮዋን ትተው እሷን እስኪያዩ ጠበቀች።