ከጣሪያው ሥር የተወጠረው

«የመጋረጃው ሌባ መያዙ አይቀርም!» አሉ የቲያትር ቤቱ አሳዳሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ መምህር ሄንድሪክ፣ የዝንጅብል ሻያቸውን ፉት ብለው። «የቲያትር ቤታችን ጣሪያ ታደሰ፣ ወንበሩ ተጠገነ። ያ ሥዕላም መጋረጃ ከሌለ ግን ምኑን ታደሰ ይባላል?»

ሶማላታ ትሪውን እንደያዘች ሽቅብ አየች። ሰውዬው የሚፈልጉት መጋረጃ ከራሳቸው በላይ ተወጥሯል።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ለቅሶ ቤት ነው!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ፖዲሃሚ። «እስቲ ዛሬ እንኳ ኮሚቴዎን እቤት ይተዉት።»

የሞተው የሶማላታ አባት ጂናሴና ዕድሜውን ሙሉ የዚያ ቲያትር ቤት መጋረጃ ሳቢ ነበር። ሁልጊዜ ለአክብሮት ገመዱን ግንባሩ ላይ ሳያስነካ አይስብም። ቲያትር ቤቱ ተዘግቶ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር፣ እንዳይበሰብስ ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ መጋረጃውን ተሸክሞ እቤቱ አገባው።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ሞተች። ከአስከሬን በላይ ነጭ ጨርቅ መወጠር ደንብ ነው፤ እነሱ ግን መግዣ አልነበራቸውም። ጂናሴና ሥዕሉን ወደ ጣሪያ አዙሮ ወጠረው። ጀርባው ንጹህ አቡጀዲ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨርቅ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሞተበት ድሃ ሁሉ ይዋሰው ጀመር። ጂናሴና ራሱ ይወጥራል፣ ራሱ ያወርዳል፤ ሌላ ሰው አያስነካም።

ሊሞት ሲል ሶማላታን ጠራት። «ቲያትር ቤቱ ታድሷል አሉ። መልሺላቸው። ሌባ ቢሉኝም ያኔ አልሰማም።»

እሷ ግን ትሰማለች። ለዚህ ነው ሰሞኑን እንቅልፍ ያጣችው።

ዕለቱ የለቅሶው ሰባተኛ ቀን ነው። የቡድሃ መነኮሳት ምጽዋታቸውን በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ለአባቷ የወጠረችው ጨርቅ የሚወርደው አሁን ነው። መምህሩ እስኪሄዱ መጠበቅ ትችል ነበር። አባቷ ደብቆ ያኖረውን እሷም ደብቃ ልታኖር ነው? አንጀቷ እንቢ አላት።

«መምህር፣ እስቲ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ» አለች።

«ምን ገዶኝ፣ ልጄ።»

«እናትዎ ያረፉ ጊዜም የተወጠረው ይኸው ነበር።»

«እንዴት እረሳዋለሁ! አባትሽ በዝናብ ተሸክሞ መጣልኝ። ውለታውን ሳልከፍለው ሞተ።»

ሶማላታ ጨርቁ የተወጠረበትን ገመድ ግንባሯ ላይ አስነካችና ለቀቀችው። ጨርቁ ተገልብጦ ወረደ። ቤተ መንግሥቱ፣ ወንዙ፣ ጣዎሱ፣ ሁሉም መምህሩ ጉልበት ላይ ተዘረጋ።

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሶማላታ ስድቡን ጠበቀች። እሳቸው ግን ሥዕሉን አዩ፣ ባዶውን ጣሪያ አዩ፣ አፋቸውንም መልሰው ገጠሙ። ከዚያ የያዙትን ጫፍ ቀስ ብለው አነሱና ግንባራቸው ላይ አስነኩት።