የዘበኞች አለቃው ቁራኛ

እቴነሽ ቀዩን ጥለት ያየችው ቋጠሮው ከጠበቀ በኋላ ነው። ከተከሳሹ ጋቢ ጋር የተቋጠረው የከሳሹ ልብስ አልነበረም፤ እሷው ፈትላ ያሠራችው የልጇ የአያሌው ኩታ ነበር።

ጊዜው ጋፋት ላይ መድፍ የሚሠራበት ዘመን ነው። አያሌው የደብረ ታቦር ገበያ ዘበኞች አለቃ ሆኖ ከተሾመ ገና ሦስተኛ ቀኑ። የእብናቱ ነጋዴ ታደሰ፣ «አህያዬን ሰረቀኝ!» ብሎ ሙላቴ የሚባል የወንዛዬ ገበሬ ላይ ጮኸ። በደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። አያሌው በግርግሩ መሃል በታደሰ ልብስ ፈንታ የራሱን ኩታ ጫፍ ቋጠረ። በንጉሥ ስም የተቋጠረውን ደግሞ ከዳኛ በቀር ማንም አይፈታውም፤ ዳኛው ጋፋት ሄደዋል።

እቴነሽ የልጇ ሹመት እንደ ጉም ሲበን ታያት።

«ይሽሩሃል! ምናልባትም ያስሩሃል!»

«ታስሬ የለም እንዴ፣ እምዬ?» አለ አያሌው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ዳኛው እስኪመለሱ ሁለቱ ተያይዘው እቤቷ ገቡ። ሙላቴ ሲቀመጥ አያሌው ተቀመጠ፤ አያሌው ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ ሙላቴ እየተጎተተ ተነሣ።

«አለቃዬ፣ ቀስ! ጋቢዬ አንድ ነው» አለ ሙላቴ።

እቴነሽ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች። «ልፍታው? ዳኛው ሳይሰሙ አንተ ከከሳሹ ጋር ቋጥረው። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ፣ እሜቴ» አለ ሙላቴ።

«ተይው፣ እምዬ» አለ አያሌው። «እኔ ከፈታሁ ነገ የማንን ቋጠሮ አስከብራለሁ? ከሻሩኝም ይሻሩኝ።»

ሊመሽ ሲል ዳኛው በበቅሎ መጡ። ከኋላቸው ታደሰ አንገቱን ደፍቶ አህያውን ይስባል፤ ከሌላ ነጋዴ አህዮች ጋር ተቀላቅላ ነው የተገኘችው። ታደሰም ዝቅ ብሎ የሙላቴን ጉልበት ሳመ።

ዳኛው ቋጠሮውን አገላብጠው አዩ። «አልነካችሁትም?»

«አልነካነውም፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ያለ አለቃ ሾምን! ራሱን አስሮ የማያመልጥ!» ዳኛው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ በጃቸውም ፈቱት። «ሹመትህ ይጽና።»

ወንዛዬ ሩቅ ነውና ሙላቴ እዚያው አደረ። እቴነሽ ግን ዳኛው ሐሳባቸውን ቀይረው ይመለሱ ይሆናል ብላ፣ የዳኛው በቅሎ ከኮረብታው ጀርባ እስክትሰወር ደጅ ቆመች። ሁለቱ ወንዶች በገበያው ሁኔታ ሲንከተከቱ ሰማች። ገባችና በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ሸጎረች።