የፊውዝ በረንዳ

ጎረቤቱ ሁሉ «ፊውዝ» የሚለው ኤሌክትሪሺያን በረንዳውን በትንሽዬ ቴሌስኮፕ ከያዘው ሦስት ወር ሆነው። ሚስቱ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ አጣች። በመጨረሻ ምርር ሲላት፣ «ያ ኔቡላ የምትለው የጋዝ ደመና ዛሬ ማታ ፎቶ ላይ ካልወጣ፣ ነገ በረንዳዬን ትለቅልኛለህ!» አለችው። ከዚያ በቀር ሰማይ የሚያይበት ቦታ የለውም።

ጣጣው እዚያው ሕንፃ ላይ የምትኖረው የጎረቤታቸው የመምህርቷ አምፖል ነው። በሯ ላይ አንጠልጥላው ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል። የአምፖል ብርሃን አግዶ የኔቡላውን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ገዝቷል፤ ግን አላመነውም። «ይቺ ጥፍር የምታህል መስታወት ይሄን ጉድ ልታቆም? ቀልደኞች!» እሱ እያለ መብራት ለማጥፋት ምን ፊልተር ያስፈልጋል?

የእጅ ባትሪ ይዞ ሹልክ ብሎ ምድር ቤት ወረደና የሕንፃውን ዋና ማብሪያ አጠፋው። ድፍን ጨለማ! እየተፍለቀለቀ ሲመለስ ቴሌስኮፑ ጭጭ ብሏል። ለካ ከዋክብቱን እየተከተለ የሚያዞረው ሞተር የተሰካው የግድግዳው ሶኬት ላይ ኖሯል! ሃያ ዓመት ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው፣ ኧረ የት አባቱ ይግባ!

ይባስ ብሎ ጎረቤት ሁሉ በሩን ይደበድብ ጀመር። «ጋሼ ፊውዝ፣ ኧረ ድረስልን!» ወረደ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብሎን እየነካካ አጉረመረመና መልሶ አበራው። አጨበጨቡለት። መምህርቷማ ደስ ብሏት ሁለተኛ አምፖል ጨመረች።

ምን ያድርግ? ያቺን የናቃትን ፊልተር ገጠማት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያነሳቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ሲደራርባቸው፣ ቀዩ ደመና ፏ ብሎ ወጣ።

ጠዋት ለሚስቱ አሳያት። «አቤት ሲያምር!» አለች ከልቧ። ከዚያ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋዋን አንስታ ወደ በረንዳው አመራች።

«አንቺ! ቃልሽስ?»

«ቃሌማ ቃል ነው። ግን የኔ ጌታ፣ ትናንት ባትሪ ይዘህ ከቤት የወጣኸው መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ነው። መምህርቷን ልጥራትና ትጠይቅህ?»

ፊውዝ ቴሌስኮፑን ወደ ጥግ ገፋ አደረገና የልብስ መቆንጠጫ ያቀብላት ጀመር።