በቀኝ ጆሮው በኩል

ያ ሹፌር ልጁን ታቅፎ በድንገተኛ ክፍላችን በር ሲገባ የመርፌውን ትሪ ከእጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ከጥቂት ወራት በፊት እናቱ እዚሁ ሲሞቱበት ዶክተራችንን በጥፊ የመታው እሱ ነው። የዶክተሩ ግራ ጆሮ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አጠገቡ የቆመች ነርስም አትረሳም። የጥፊው ድምፅ እስካሁን እኔ ጆሮ ውስጥ አለ።

እውነቱን ለመናገር ዶክተራችን ያኔ አመል ነበረው። «ዶክተር ጥድፊያ» ነበር የምንለው። እጁ የተባረከ ነው፣ ስንቱን ከሞት አፍ መልሷል። ግን ሰላምታውን እንኳ ግማሹን ኮሪደር ላይ ጥሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። አስታማሚ ሲጠይቀው እየሄደ «እየሞከርን ነው» ይላል፤ የቀረውን ጀርባውን ነው የሚጠይቁት። ያን ቀን ለሹፌሩም ያለው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የነገረው መርዶውን ነበር፣ እሱንም ቆሞ፣ ጓንቱን እያወለቀ። እንግዲህ ለዚህ ይመታ የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ሰው ለማዳን ሲሮጥ ውሎ በጥፊ የሚሸኝ ሠራተኛ ከእኛ በቀር የት አለ?

ከሕመም ፈቃዱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አስታማሚ ሊያናግር ሲሄድ ወንበር ይዞ ይሄዳል። ይቀመጥና ቀኝ ጆሮውን አዙሮ «ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላል። እየጮኸ የመጣው ሁሉ ድምፁ ወረድ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንድ ባልደረባ ይህን አይቶ «ጥፊውም ለበጎ ነው» ሲል ደሜ ይፈላል። እሱ ራሱ አንድ ቀን «ጥፊው ያስተማረኝ ፍርሃት ብቻ ነው፣ ሲስተር። መቀመጡን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብሎኛል። ፍርሃቱ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ሁለተኛ እጅ ከተነሳበት ጋዋኑን አውልቆ ይህን ሥራ እንደሚተው ለሚስቱ ቃል ሰጥቷል።

እና አሁን ሰውየው በር ላይ ቆሟል። የታቀፋት ሴት ልጁ አስም ተነስቶባት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ደረቷ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሌላኛው ሐኪም ቀዶ ጥገና ላይ ነው። ዶክተራችን ሹፌሩን አየው፤ እንዳወቀው ከፊቱ ለየሁ። ከዚያ ልጅቷን ከእቅፉ ተቀበለ።

ኦክስጅን አደረግንላት፣ የሚሳበውን መድኃኒት ጀመርንላት። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ወንበሩን አንስቶ ሹፌሩ ወደሚጠብቅበት በር ሲሄድ እኔ ልንገረው ብዬ ለመንኩት። «ሐኪሟ እኔ ነኝ» አለኝ። የጥበቃ ሠራተኛውን ራቅ ብሎ፣ ግን እየታየ እንዲቆም ነገረው።

ተቀመጠ። ሕመሙ እንዴት እንደጀመራት ጠየቀው፣ ሳያቋርጠውም ሰማው። ምን እያደረግንላት እንደሆነ ነገረው፤ ትድናለች ብሎ ግን አላባበለውም። «ገና አላውቅም» አለው። «እየመጣሁ እነግርሃለሁ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም እመጣለሁ።» እንዳለውም መጣ። ምንም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ይህንኑ ቁጭ ብሎ ነገረው። ደግሞ ሲመጣ የልጅቷ ከንፈር ቀልቷል፣ ውኃም ጠይቃለች።

ይህን ነግሮት ሲነሳ ሹፌሩ ከኋላው በግራ በኩል ተከተለው። ያ ትልቅ እጁ ወደ ላይ ሲነሳ እኔና ጥበቃው እኩል ተንደረደርን። ዶክተሩ በዓይኑ ጥግ አይቶ ኖሮ አንገቱን ቀበረ።

እጁ ያረፈው በራሱ በሹፌሩ ፊት ላይ ነው። በመዳፉ ዓይኑን ሸፍኖ «ዶክተር፣ ይቅር በለኝ» አለ፤ እኔ እንኳ የሰማሁት በመከራ ነው።

ዶክተሩ ትንፋሹን ሰብስቦ ዞረ። «በዚያ በኩል አይሰማኝም» አለው። «በዚህ በኩል ሆነህ ንገረኝ።»

ሽሙጥ አልነበረበትም፤ ለማንም አስታማሚ እንደሚለው ነው ያለው። ሹፌሩ ግን የራሱን እጅ አየ፣ የዶክተሩን ጆሮ አየ፣ ያደረሰው ጉዳት ያኔ ገባው። ከዶክተሩ ግራ ወደ ቀኙ መዞር ምን ያህል መንገድ ነው? ለእሱ ዳገት ሆነበት። እዚያ ደርሶ ያለውን አልሰማሁም።

ይቅርታው ተባለ፣ ልጅቷም ተረፈች፤ በቃ አለቀ ብዬ ስጠብቅ ዶክተሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔም ያልነገርኩህ አለ» አለው። «እናትህ ያን ቀን ትንፋሽ እያጠራቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ውጭ ያለው ልጄ ምሳ በልቷል ወይ፣ አሉኝ። እጠይቀዋለሁ አልኳቸው። ስንት ጊዜ በአጠገብህ አልፌ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።»

ያን ቀን እኔም የእናትየውን እጅ ይዤ ነበር፤ ጥያቄውን ሰምቻለሁ። ጆሮውን ያጣ ሰው ያንን ሁሉ ጊዜ ይህን ቃል ተሸክሞ ይዞራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። በዚህ ክፍል ሞቶ የተነሳ የሚመስል ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ አፌን ይዤ የቀረሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«አሁን ልጠይቅህ» አለ ዶክተሩ። «በልተህ ነበር?»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮው ዝቅ ብሎ «አልበላሁም ነበር» አለና እዚያው ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ጠበቁ። ዶክተር ጥድፊያ ከወንበሩ አልተነሳም።